ሚዩዝ ከአራት ሌዘሮች ጋር፦ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስን ስለሚጠቀም ስፔክትሮግራፍ የተጠቃሚ ግምገማ

የዚህ ግምገማ ጉዳይ በሰሜን ቺሌ፣ በአታካማ በረሃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,635 ሜትር ከፍታ ባለው የፓራናል ተራራ ላይ የሚሠራው ሚዩዝ የተባለ ስፔክትሮግራፍ፣ ማለትም ብርሃንን በየቀለሙ ዘርግቶ የሚለካ መሣሪያ፣ ነው። መሣሪያው ሰፊ መስክና ጠባብ መስክ የሚባሉ ሁለት አሠራሮች ያሉት ሲሆን፣ እኔ በዋነኛነት የምመዝነው አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ፣ ማለትም አየር ያዛባውን ብርሃን ቅርጹን በሚለዋውጥ መስታወት የማስተካከል ዘዴ፣ ሙሉ አቅሙን የሚያሳይበትን ጠባቡን መስክ ነው። ከቴሌስኮፑ አጠገብ ቆሜ አላውቅም፤ መሣሪያውን የማውቀው በሚያወጣው መረጃ ነው። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ የሚሰበስበውን መረጃ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም ክፍት ስለሚያደርግ፣ ከማኅደሩ እያወረድኩ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ የምሰጠው ፍርድ የሠሪ ወይም የታዛቢ ሳይሆን፣ ብርሃኑ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ከቁጥሩ ጋር የሚውል ሰው ፍርድ ነው።

ሚዩዝ የመጀመሪያውን የሰማይ ብርሃን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ነው። የተቀመጠውም የፑን በተባለው ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው ሮላን ባኮን የተባለው የፈረንሳይ ተመራማሪና በሊዮን የሚገኘው የአስትሮፊዚክስ ምርምር ማዕከል ከአውሮፓ አጋሮቻቸው ጋር ሆነው ነው። ተራ ስፔክትሮግራፍ በቀጭን ስንጥቅ ያለፈውን ብርሃን ብቻ ሲዘረጋ፣ ይህኛው ከፊቱ ያለውን የሰማይ ቁራጭ በሙሉ ይዘረጋል። መስኩ መጀመሪያ ለ24 ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ድርሻ ወደ ራሱ ስፔክትሮግራፍ ይሄድና በዚያ ያሉ ትናንሽ መስታወቶች እንደገና በ48 ቀጫጭን ሰቆች ይሸነሽኑታል። በጠቅላላው 1,152 ሰቆች ማለት ነው። ሰቆቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ብርሃናቸው በየቀለሙ ከተዘረጋ በኋላ 24 ዲቴክተሮች ላይ ያርፋል፤ ከአንድ ቀረጻም 90,000 ያህል ስፔክትረሞች፣ ማለትም በየቀለሙ የተዘረጉ የብርሃን ልኬቶች፣ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ስፔክትረም ከ480 እስከ 930 ናኖሜትር ያለውን የሚታይና ለጥቂት ከቀይ ያለፈ ብርሃን በ3,700 ገደማ ደረጃዎች ይዞ ይመጣል።

ይህ ሁሉ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ተቀነባብሮ የሚመጣው ፋይል የመረጃ ኩብ ይባላል፤ ሁለቱ ጎኖቹ የሰማይ አቅጣጫዎች፣ ሦስተኛው ጎኑ የሞገድ ርዝመት ነው። መጠኑ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ እስኪከፈት ድረስ ትንሽ ያስጠብቃል። ኪውፊትስቪው በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሲከፈት በአንድ በኩል ምስሉ፣ ከሥሩ ደግሞ የጠቋሚው ጫፍ ያረፈበት ነጥብ ስፔክትረም ይታያል። ጠቋሚውን አንድ ፒክሰል ወደ ጎን ሳንቀሳቅስ ከታች ያለው መስመር ወዲያው ይለወጣል፤ ኮከቡ ላይ ጥልቅ የሃይድሮጅን ጉድጓድ የነበረው ከኮከቡ ጥቂት ራቅ ሲል ይሞላል፣ ጋዝ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት ሥራዬን ትቼ ጠቋሚውን ከነጥብ ወደ ነጥብ ሳዘዋውር አመሸሁ። ፎቶግራፍ አንድ ነገር የት እንዳለ ይነግረናል፤ ይህ ኩብ በዚያ ቦታ ያለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚሞቅና ወደ እኛ እየመጣ ወይም እየራቀ እንደሆነ ጨምሮ ይነግረናል።

ይሁን እንጂ ከመሬት ሆኖ ሰማይን የሚያይ መሣሪያ ሁሉ በላዩ ያለው አየር ይፈታተነዋል። ሙቀቱ የተለያየ አየር ሲደባለቅ ብርሃኑን ያጣምመዋል፤ በዚህ ምክንያት በፓራናል ባለ ጥሩ ሌሊት እንኳ የአንድ ኮከብ ምስል ከግማሽ እስከ አንድ አርክ ሰከንድ (አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ስፋት ይይዛል። ባለ 8.2 ሜትር መስታወት አየር ባይኖር ኖሮ በቀይ ብርሃን ሊለየው የሚችለው ዝርዝር ግን ከአንድ አርክ ሰከንድ ሁለት መቶኛ በታች ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት ከሠላሳ እጥፍ ያላነሰ ነው። ለምስል መሣሪያ ይህ የጥራት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ለስፔክትሮግራፍ ግን የሁለት ነገሮች ብርሃን መደባለቅ ማለት ነው፤ ጎረቤት የሆኑ የሁለት ከዋክብት ብርሃን በአንድ ፒክሰል ውስጥ ከተቀላቀለ የሚገኘው ስፔክትረም የአንዳቸውም አይደለም።

ፓራናል ላይ ለዚህ የተበጀው መፍትሔ ከስፔክትሮግራፉ ይልቅ የሚጀምረው ከቴሌስኮፑ ነው፤ ይህን ውሳኔ ከዚህ መሣሪያ ጥንካሬዎች ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ነው። የቴሌስኮፑ ሁለተኛ መስታወት በሌላ ተተክቷል፤ አዲሱ ስፋቱ 1.12 ሜትር ሆኖ ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ የመስታወት ቅርፊት ነው። ከጀርባው ባሉ 1,170 በመግነጢስ የሚሠሩ ገፊዎች አማካይነትም በሰከንድ ወደ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ቅርጹን ይለውጣል። ማስተካከያው ለቴሌስኮፑ ቀድሞውኑ በሚያስፈልግ መስታወት ላይ ስለሚከናወን፣ በሌሎች ብዙ ሥርዓቶች ዘንድ እንደሚደረገው ብርሃኑ ተጨማሪ መስታወቶችን እየተመላለሰ እንዲመናመን አይገደድም። ሩቅ ነገርን ለሚመረምር ሰው በመንገድ ላይ የማይጠፋ እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት ዋጋ አለው።

መስታወቱ ምን ዓይነት ቅርጽ መያዝ እንዳለበት የሚወሰነው በአራት ሌዘሮች ነው። እያንዳንዳቸው 22 ዋት ኃይል ያላቸው ሲሆኑ፣ በ589 ናኖሜትር የሚያበሩት ብርሃን 90 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለውን የሶዲየም ንጣፍ ሲያገኝ አተሞቹ መልሰው ይፈነጥቁታልና በሰማይ ላይ አራት ሰው ሠራሽ ኮከቦች ይታያሉ። አራት መሆናቸው ለድምቀት አይደለም። የእውነተኛ ኮከብ ብርሃን ከእጅግ ሩቅ ስለሚመጣ በአየሩ ውስጥ የሚያልፈው እንደ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ነው፤ ከ90 ኪሎሜትር የሚመለሰው ግን ወደ ላይ እየጠበበ እንደሚሄድ ሾጣጣ ስለሆነ ከላይ ካለው አየር ከፊሉን ሳይዳስሰው ያልፋል። አራቱ ሾጣጣዎች ከተለያየ አቅጣጫ ሲደራረቡ ግን ኮምፒዩተሩ የትኛው ሁከት በየትኛው ከፍታ እንዳለ ለይቶ ማስላት ይችላል፤ ሐኪም ሰውነትን ከተለያየ ጎን በራጅ አንስቶ የውስጡን ቅርጽ እንደሚያገኝ ዓይነት ነው። በጠባቡ መስክ አራቱ ኮከቦች ወደ መሃል ተቀራርበው ሲቀመጡ፣ ሚዩዝ 7.5 በ7.5 አርክ ሰከንድ የሆነች ትንሽ የሰማይ ቁራጭ ብቻ እያየ እያንዳንዱን ፒክሰል በ0.025 አርክ ሰከንድ ያነብባል።

ውጤቱስ? ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጀመር ለሕዝብ የቀረበው የኔፕቱን ምስል በሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ከተነሡት ምስሎች ጋር የሚወዳደር፣ እንዲያውም ጠርቶ የሚታይ ነበር። ከምስሉ ይበልጥ እኔን የማረከኝ ግን በዚያው ዓመት በሙከራው ወቅት የተገኘው ሌላ ነገር ነው። 370 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ በሚገኘው ወጣት ኮከብ፣ ፒ.ዲ.ኤስ. 70 በሚባለው ዙሪያ፣ ገና በመወለድ ላይ ያሉ ፕላኔቶች ጋዝ ወደ ራሳቸው ሲስቡ የሚያወጡት ቀይ የሃይድሮጅን ብርሃን በ656 ናኖሜትር ላይ ታየ። አንደኛው ፕላኔት ቀደም ብሎ የታወቀ ሲሆን ሁለተኛው የተገኘው በዚሁ መረጃ ነው፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ሁለቱም ከኮከቡ የሚርቁት ሩብ አርክ ሰከንድ በማይሞላ ርቀት ነው። አየሩ ሳይስተካከል ቢሆን ኖሮ ፕላኔቶቹ በኮከቡ ምስል ውስጥ ተቀብረው በቀሩ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላብራራው የምፈልገው ነገር አለ፤ ምክንያቱም የዚህ ዓይነት መሣሪያ ጥንካሬም ድካምም የሚታየው በዚሁ ምሳሌ ነውና። ብዙ ሰዎች አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ የተደበላለቀውን ብርሃን ሁሉ ሰብስቦ ወደ አንዲት ነጥብ የሚመልስ ይመስላቸዋል። በሚታይ ብርሃን እንዲህ አይሆንም። የጠባቡ መስክ ንድፍ ግብ ያደረገው በ650 ናኖሜትር የስትሬል ጥምርታው፣ ማለትም የምስሉ አስኳል ድምቀት አየር ባይኖር ከሚኖረው ጋር ሲነጻጸር፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንዲደርስ ነው፤ ይህም ማለት የምስሉ አስኳል ጥርት ያለ ቢሆንም ከብርሃኑ አብዛኛው አሁንም በዙሪያው እንደ ወጋገን ተበትኖ ይቀራል። ፒ.ዲ.ኤስ. 70 ላይ ወጋገኑ ያላሸነፈው ስፔክትሮግራፉ ስለታደገ ነው፦ የኮከቡ ወጋገን በ650ም፣ በ656ም፣ በ660ም ናኖሜትር ቅርጹ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ከጎን ካሉት ቀለሞች የተገኘውን መልክ ከመካከለኛው ላይ መቀነስ ይቻላል፤ በአንድ ቀለም ብቻ የሚያበራው ፕላኔት ግን አይቀነስም። መሣሪያው ምስልና ስፔክትረምን በአንድ ጊዜ መያዙ ይህን አስቻለ።

የተፈለገው ነገር በአንድ ቀለም ብቻ የሚያበራ ባይሆንስ? በዚህ ጥያቄ ላይ በራሴ ሥራ ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ። ከደማቅ ኮከብ አጠገብ ያለች አንዲት ደብዛዛ ኮከብን ሙቀት ለማወቅ ፈልጌ፣ በዙሪያዋ አራት ፒክሰል ራዲየስ ያለው ክብ አስቀምጬ በውስጡ ያለውን ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ደመርኩ። የወጣው ስፔክትረም ወደ ቀይ በግልጽ ያዘነበለ ስለነበር ቀዝቃዛ ኮከብ ናት ብዬ ደመደምኩ፤ ማስታወሻም ጻፍኩ፣ ሠንጠረዥም አዘጋጀሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነገሩን ለማረጋገጥ ያንኑ ባለ አራት ፒክሰል ክብ በዚያው ኩብ ውስጥ ባለችው ደማቅ ኮከብ ላይ አስቀመጥኩት፤ የእርሷ ቀለም አስቀድሞ በሚገባ የታወቀ ነው። ስፔክትረሟ በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ ቀይ አዘንብሎ አገኘሁት። ያዘነበለችው ኮከቧ አልነበረችም፤ አዳፕቲቭ ኦፕቲክሱ ለረጅም ሞገድ የተሻለ ስለሚሠራ፣ በቀይ ብርሃን አስኳሉ ውስጥ የሚገባው ድርሻ ይጨምራል፤ በሰማያዊ ደግሞ ብዙው ብርሃን ከክቤ ውጭ ወደ ወጋገኑ ይፈስሳል። የለካሁት የኮከቧን ሙቀት ሳይሆን የመስታወቱን ብቃት ነበር። ሠንጠረዡን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የምመዝንበት መለኪያ ተለውጧል። አስኳሉ ምን ያህል ቀጭን ነው የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው፤ የመጀመሪያው፣ የቀረው ብርሃን የት እንደ ሄደ መሣሪያው ያውቃል ወይ፣ ካወቀስ ይነግረናል ወይ የሚለው ነው። የአንድ ነጥብ ብርሃን በምስሉ ላይ የሚይዘውን ሙሉ መልክ፣ አስኳሉንም ወጋገኑንም ጨምሮ፣ በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የማናውቅ ከሆነ ከኩቡ የምናወጣው የብርሃን መጠን ሁሉ አጠራጣሪ ነው። በመስኩ ውስጥ ብቻዋን የቆመች ደማቅ ኮከብ ካለች መልኩን ከእርሷ መቅዳት ይቻላል። ጋላክሲ ብቻ በሚታይበት መስክ ግን የሚቀዳበት ነገር የለም፤ ሌሊቱም ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ስለሚለዋወጥ ቀደም ሲል ወይም በኋላ ከተነሣ ኮከብ የተቀዳ መልክ በቂ አይሆንም።

የሚያበረታታው ነገር፣ መፍትሔው በዚሁ መሣሪያ ሌላኛው አሠራር ውስጥ ተጀምሮ መገኘቱ ነው። በሰፊው መስክ፣ አንድ በአንድ አርክ ደቂቃ (60 በ60 አርክ ሰከንድ) በሚሆነው፣ ሌዘሮቹ ተራርቀው ይቀመጡና ማስተካከያው የሚያተኩረው ለመሬት በቀረበው የአየር ንጣፍ ላይ ብቻ ነው። በዚህ አሠራር ከዲቴክተሩ የሚወጣው ጥሬ ፋይል መስታወቱን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ስለ አየሩ የለካቸውን ቁጥሮች፣ የሁከቱን መጠንና ከዚያ ውስጥ የምድር አጠገቡን ድርሻ፣ አብሮ ይይዛል። ከነዚህ ቁጥሮች ተነሥቶ በመስኩ ውስጥ አንድም ኮከብ ባይኖር እንኳ የነጥቡን መልክ የሚያሰላ ነጻ ፕሮግራም ተዘጋጅቷል። ተጠቅሜበታለሁ፤ ኮከብ ባለበት መስክ ላይ ያሰላውን ከታየው ጋር ሳስተያየው ባገኘሁት ቅርበት ተደንቄያለሁ። በሰፊው መስክ ስለ ሌላው ነገር ብዙ አልልም፤ የሐብል እጅግ ጥልቅ መስክ በሚባለው የሰማይ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2017 የ1,600 ጋላክሲዎችን ርቀት ለክቶ፣ ሐብል ራሱ ያላያቸውን 72 ጋላክሲዎች ማግኘቱ ብቃቱን ይመሰክራል።

በጠባቡ መስክ ግን መደበኛው ኩብ ሁለት ክፍሎች ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የብርሃኑን መጠንና የስህተቱን ግምት። የነጥቡ መልክ ለተጠቃሚው የተተወ ሥራ ነው። በጥቂት ቁጥሮች አስኳሉንም ወጋገኑንም የሚገልጹ የሒሳብ ሞዴሎች ተሠርተው ታትመዋል፤ እኔም ከስህተቴ በኋላ ያንን መንገድ ተከትዬ ሠንጠረዤን አስተካክያለሁ። ነገር ግን ሞዴሉን ከኮከብ ጋር ለማስማማት ኮከብ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚም በራሱ መንገድ ሲያደርገው የተለያዩ ሰዎች ከአንድ ኩብ የተለያየ ውጤት ያወጣሉ።

ሌሎቹ ጉድለቶች ከዚህ የቀለሉ ቢሆኑም አዲስ ተጠቃሚ አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል። ሌዘሮቹ የሚያበሩበት 589 ናኖሜትር ሚዩዝ በሚያየው ስፔክትረም መካከል ላይ ያርፋል፤ ይህ ብርሃን ዲቴክተሮቹን እንዳያጥለቀልቅ የሚያግድ ማጣሪያ አለ። በዚህ ምክንያት በአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ የተሠራ እያንዳንዱ ኩብ ከ580 እስከ 600 ናኖሜትር ገደማ ባዶ ነው። የሶዲየም መስመሮችን ለማጥናት ለሚፈልግ ሰው፣ ነገሩ ወደ እኛ ወይም ከእኛ በፍጥነት ካልተንቀሳቀሰና መስመሮቹ ካልተዛወሩ በቀር፣ ይህ አሠራር አይሆነውም። ባዶው ቦታ በፋይሉ ውስጥ በግልጽ ስለሚታወቅ ግን አያሳስትም። ይበልጥ የሚያስጠነቅቀው ሌላው ነው፦ የሌዘሩ ብርሃን ወደ ላይ ሲወጣ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ሞለኪውሎች ጋር ይጋጭና ቀለሙን ለውጦ ይበተናል። ውጤቱ በ648ና በ683 ናኖሜትር አካባቢ የሚታዩ፣ ከሰማይ ያልመጡ ደካማ መስመሮች ናቸው። ይህ ክስተት በደንብ የተጠናው በሚዩዝ ላይ ሲሆን ማቀነባበሪያው ሶፍትዌርም ያርመዋል፤ ቢሆንም እጅግ ደብዛዛ የሆነ ነገር የሚፈልግ ሰው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ያገኘውን መስመር ሁሉ ከማመኑ በፊት ደግሞ ይመልከተው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመሪ ኮከብ ጉዳይ ነው። የሌዘር ኮከቦች የአየሩን ሁከት ቅርጽ ቢያሳዩም ምስሉ በጠቅላላው ወዴት እንደ ተወዛወዘ ሊነግሩን አይችሉም፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ወደ ላይ ሲወጣ በአንድ አቅጣጫ የተገፋውን ሲመለስ በዚያው መጠን ይመለሳልና። ስለዚህ በጠባቡ መስክ የሚሠራ ሰው በሚፈልገው ነገር አጠገብ፣ ጥቂት አርክ ሰከንዶች ብቻ ርቆ፣ እውነተኛ የሆነ የተሰበሰበ ብርሃን ማግኘት አለበት። ይህም ውዝዋዜውን በኢንፍራሬድ የሚለካው ካሜራ የሚከተለው ነው። ካሜራው ከጊዜ በኋላ ታድሶ ቀደም ሲል ከሚችለው ይልቅ የደበዘዙ ኮከቦችን መከተል ስለ ቻለ ሊታይ የሚችለው ሰማይ ሰፍቷል። ይህ እድሳት እኔ ያየሁት ትልቁ የአገልግሎት መሻሻል ነው፤ ሆኖም የሚፈልጉት ነገር ባዶ የሰማይ ክፍል ላይ ከሆነ ሌዘር ብቻውን አይረዳዎትም።

ፒክሰሉ ማነሱም ዋጋ ያስከፍላል። ከሰፊው መስክ ጋር ሲነጻጸር የጠባቡ መስክ ፒክሰል በእያንዳንዱ ጎን ስምንት ጊዜ ስለሚያንስ በስፋት 64 ጊዜ ያንሳል። ለተሰበሰበ ብርሃን፣ ለኮከብ ወይም ለሚያበራ የጋዝ አንጓ፣ ይህ በረከት ነው፤ የሰማዩ ብርሃን ተከፋፍሎ ስለሚደበዝዝ ነጥቡ ጎልቶ ይወጣል። ለተዘረጋና ለደበዘዘ ነገር ግን የእርሱም ብርሃን 64 ቦታ ይከፋፈልና የዲቴክተሩ የራሱ የንባብ ጫጫታ ይበልጠዋል። የሩቅ ጋላክሲን ደብዛዛ ጠርዝ በጠባቡ መስክ ለማየት የተሞከረባቸውን ኩቦች ከፍቼ ፒክሰሎቹን መልሼ እያጣመርኩ ሰፊውን መስክ የሚያስመስል ውጤት ለማግኘት ደክሜያለሁ፤ የተነሡት በሰፊው መስክ ቢሆን ኖሮ በተሻለ ነበር።

ሚዩዝን ከቀደሙት ጋር ሳላነጻጽር ብተው ፍርዴ ጎዶሎ ይሆናል። በዚሁ በፓራናል ከ2004 እስከ 2019 የሠራው ሲንፎኒ በኢንፍራሬድ፣ ከ1.1 እስከ 2.45 ማይክሮሜትር ባለው ብርሃን፣ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። በረጅም ሞገድ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ እጅግ ስለሚቀልለው አስኳሉ የበለጠ ብርሃን ይይዛል፤ ወጋገኑም ያን ያህል አያስቸግርም። በጋላክሲያችን መሃል ኤስ 2 የተባለው ኮከብ በ2018 ሜይ 19 ቀን ወደ ግዙፉ ጥቁር ጉድጓድ፣ ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት 120 እጥፍ ገደማ እስኪቀር ድረስ፣ ሲቀርብ ፍጥነቱን ከስፔክትረሙ ያነበበው ሲንፎኒ ነበር። የተነበበው ቀለም ከእንቅስቃሴው ብቻ ሊጠበቅ ከሚችለው በላይ ወደ ቀይ መሳቡ ስበት በብርሃን ላይ ያለውን ጫና በዚያ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳይቷል። የሲንፎኒ ስፔክትሮግራፍ ታድሶ አሁን በየፑን ላይ፣ ኤሪስ በተባለው መሣሪያ ውስጥ፣ በዚያው ቅርጹን በሚቀያይረው ሁለተኛ መስታወት ይገለገላል። ሥራው በኢንፍራሬድ ሊከናወን ለሚችል ሰው ያለማመንታት ኤሪስን እመክራለሁ። የሚዩዝ ጠባብ መስክ የሚመረጠው የሚፈለገው መስመር በሚታይ ብርሃን ውስጥ ብቻ ሲሆን ነው፤ ያኔ ግን እኩያውን ማግኘት ከባድ ነው።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የምጽፈው ከፓራናል ብዙ ሳይርቅ፣ በአርማዞኔስ ተራራ ላይ 798 ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የሚሠራ ባለ 39 ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ እየተገነባ ስለሆነ ነው። ለዚህ ቴሌስኮፕ የታቀደው ሃርሞኒ የሚዩዝና የሲንፎኒ ወራሽ ነው፤ ከ0.47 እስከ 2.45 ማይክሮሜትር እንዲያይ፣ በጣም ትንሹ ፒክሰሉም አራት ሺኛ አርክ ሰከንድ እንዲሆን ተነድፏል። በእንዲህ ያለ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ላይ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ አማራጭ አይደለም። የስፔክትሮግራፍ ሕግ ቀላል ነው፦ ቀለማትን የመለየት አቅሙ ሳይቀንስ አየሩ ያደበዘዘውን የኮከብ ምስል በስንጥቁ ለማሳለፍ ከተፈለገ፣ በውስጡ የሚያልፈው የብርሃን ዘንግ ቴሌስኮፑ በሰፋ ቁጥር አብሮ መስፋት አለበት። ከስምንት ሜትር ወደ 39 ሜትር ሲኬድ ሌንሶቹም ብርሃን በታኙም በአምስት እጥፍ ገደማ መስፋት ሊኖርባቸው ነው፤ ክብደቱና ወጪው ከዚያ በላይ ይጨምራል። ምስሉ በአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ከተሰበሰበ ግን ስንጥቁ ይጠብባል፤ መሣሪያውም ሊሠራና ሊቀዘቅዝ በሚችል መጠን ይቀራል።

በዚያ መሣሪያ ላይ ወጋገኑ የሚያስከትለው ችግር ይበልጣል እንጂ አያንስም። ለሃርሞኒ ስድስት ሌዘሮች ታቅደዋል፤ ቴሌስኮፑ በሰፋ ቁጥር የሾጣጣው ጉድለት ስለሚጨምር አራት አይበቁም። የቴሌስኮፑ አራተኛ መስታወት ከ5,000 በላይ ገፊዎች ይኖሩታል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ የሚለካቸው ቁጥሮች ከሌሊቱ በኋላ እንዳይጣሉ፣ ለተጠቃሚው በሚደርስ መልክ ተጠብቀው እንዲቀመጡ የሚያስፈልገው ገና ከንድፉ ነው። ዲስክ ውድ ነው ተብሎ ቁጥሮቹ ከተጣሉ በኋላ መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ያን ሌሊት ያለፈው አየር አይመለስምና።

እስከዚያው ድረስ ጠባቡን መስክ ሊጠቀም ለሚያስብ ሰው የምሰጠው ምክር ተግባራዊ ነው። ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት ከማኅደሩ ለዒላማዎ የሚቀርብ ሁኔታ ያለው ኩብ አውርደው በሚያስቡት መንገድ ይሞክሩት፤ ይህ ከማንኛውም የስሌት ፕሮግራም የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ዒላማዎ በጠባብ መስመር የሚያበራ ከሆነ ሳያመነቱ ይግቡበት። የጠቅላላው ብርሃን ቅርጽ ከሆነ የሚፈልጉት ግን በመስኩ ውስጥ ቀለሙ የታወቀ ኮከብ እንዲገባ አድርገው ያቅዱ፤ የሚሰጥዎት ጊዜ ሲሰላም ለዚህ የሚሆን ድርሻ አስቀድመው ይያዙ። ክቡን በምን ያህል ስፋት እንዳስቀመጡት፣ ከሞገድ ርዝመት ጋር አብሮ እንዳሰፉትና እንዳላሰፉት በጽሑፍዎ ይግለጹ።

ሠሪዎቹን ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኩቡ ከብርሃኑ መጠንና ከስህተቱ ግምት ቀጥሎ ሦስተኛ ክፍል ይኑረው፤ በውስጡም በዚያ ቀረጻ፣ በዚያ ደቂቃ፣ በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የአንዲት ነጥብ ብርሃን ከአስኳሉ እስከ ወጋገኑ ጫፍ እንዴት እንደ ተሰራጨ ከመስታወቱ ቁጥሮች ተሰልቶ ይቀመጥ፤ ኪውፊትስቪው ላይ ጠቋሚዬን በደብዛዛዋ ኮከብ ላይ ሳሳርፍ ከክቤ ውጭ ስንት ብርሃን እንደ ቀረ ከስፔክትረሙ ጎን ላንብብ።